በጮቄና በዓባይ መካከል ያለው ሜዳ

በዚህ መድረክ እንዲነገር የተጠየቀው ርእስ ወንዞች፣ ተራሮችና የባሕር ዳርቻዎች የአንድን አገር ሜዳ እንዴት እንደሚቀርጹት የሚመለከት ነው። ርእሱ በስፋቱ ዓለምን የሚያካልል በመሆኑ፣ ንግግሩ ጉዳዩን አድማጭ በየቀኑ በሚረግጠው መሬት፣ ማለትም በምሥራቅ ጎጃም ሜዳ ላይ ወስኖ ይመረምረዋል። ዓላማውም የጎጃም ሜዳ እንደ ግብፅ ወይም እንደ ፎገራ ሜዳ ወንዝ አምጥቶ ያስቀመጠው ሳይሆን፣ እሳተ ገሞራ አንጥፎት ወንዝ እየበላ ያስተረፈው መሬት መሆኑን፣ ከዚህም የተነሣ ከላዩ የሚታጠበው አፈር በሌላ ጎርፍ የማይተካ መሆኑን ማስረዳት ነው። በቅድሚያ ሜዳው ከምን እንደተሠራ፣ ቀጥሎ የጮቄ ተራራ ለሜዳው ምን እንደሚሰጥ፣ ከዚያ ዓባይና ገባሮቹ ሜዳውን እንዴት እንደቆራረጡት ይነገራል፤ የታጠበው አፈር የት እንደደረሰና በቀረው ላይ ምን እየተሠራ እንዳለ ደግሞ በመጨረሻው ክፍል ይታያል።

ከደጀን ተነሥቶ ወደ ጎሐ ጽዮን በሚያመራው ጠመዝማዛ መንገድ ወደ ዓባይ የወረደ ሰው ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ የሚሆነውን ማስረጃ በግራና በቀኙ እያየ ያልፋል። መንገዱ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው አፋፍ ተነሥቶ ወደ 1,000 ሜትር እስከሚጠጋው የወንዙ ድልድይ ድረስ ሲወርድ የምድርን ታሪክ ከአዲሱ ወደ አሮጌው እየቆረጠ ያሳያል። ከላይ ጥቁሩ ድንጋይ አለ፤ ከሥሩ የአሸዋ ድንጋይ፣ ከዚያ ወፍራም የኖራ ድንጋይ፣ ከኖራው ሥር ጀሶና ሸክላማ ድንጋይ የተፈራረቁበት ንብርብር፣ ወደ ወንዙ ሲቀርብ ደግሞ ሌላ፣ ከሁሉም የቀደመ የአሸዋ ድንጋይ ይገኛል። የኖራ ድንጋይ ሞቃትና ጥልቀቱ መጠነኛ በሆነ ባሕር ውስጥ የሚኖሩ ፍጥረታት ቅርፊት እየተጠራቀመና እየጠነከረ ሲሄድ የሚፈጠር ነው። ጀሶ ደግሞ የባሕር ውሃ በጠረፍ አካባቢ ተይዞ በፀሐይ ሲተን የሚቀር ዝቃጭ ነው። ሁለቱም በዓባይ ሸለቆ ግድግዳ ላይ መገኘታቸው፣ ጁራሲክ በሚባለው፣ ከ200 ሚሊዮን እስከ 145 ሚሊዮን ዓመት በፊት በነበረው ዘመን፣ ባሕር ከደቡብ ምሥራቅ በኩል እየገፋ ዛሬ ጎጃም በሚባለው መሬት ላይ ተኝቶ እንደነበር ያስረዳል። በኖራው ውስጥ ተጣብቀው የቀሩት የዛጎል ቅርጾች የዚያ ባሕር ነዋሪዎች ናቸው።

ይህ የባሕር ወለል እንዲሁ ሜዳ ሆኖ ቢቀር ኖሮ ጎጃም ዛሬ ኦጋዴንን የሚመስል፣ አፈሩ ነጣ ያለና ስስ አገር በሆነ ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ምድር በረጃጅም ስንጥቆች ተከፍታ የቀለጠ ድንጋይ በብዛት ፈሰሰ፤ ፈሳሹም እንደ ጎርፍ ሸለቆውን እየሞላ፣ ጉብታውን እየሸፈነ፣ በጂኦሎጂ አቆጣጠር አጭር በሚባል፣ ወደ አንድ ሚሊዮን ዓመት በሚጠጋ ጊዜ ውስጥ የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያን ደጋ አነጠፈ። ባዛልት የሚባለው ጥቁር ድንጋይ ይኸው ነው። ባዛልቱ በተነጠፈ ጊዜ መሬቱ ጠፍጣፋ ነበር፤ ሜዳነቱም የተገኘው ከዚህ ንጣፍ እንጂ ከወንዝ ደለል አይደለም። ወንዝ ሜዳን ሲሠራ ከላይ ያመጣውን ታች ያስቀምጣል፤ እሳት የሠራው ሜዳ ግን አንድ ጊዜ ተነጥፎ ካበቃ በኋላ የሚያገኘው አዲስ አፈር ከራሱ ድንጋይ ቀስ እያለ የሚበሰብሰውን ብቻ ነው። ከጎኑ ካለው ዳገት የሚታጠብለት ጥቂት አፈር ሊኖር ይችላል፤ እርሱ ግን ከዚያው ቤት የወጣ እንጂ ከሩቅ የመጣ ሀብት አይደለም።

ንጣፉ ከተነጠፈ ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በኋላ፣ ማለትም ከ22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ በመካከሉ ጮቄ ተነሣ። ጮቄ ጋሻ መሰል ከሚባሉት እሳተ ገሞራዎች አንዱ ነው፤ ስያሜውም ጀርባው ወደ ላይ ሆኖ ከተቀመጠ ጋሻ ጋር በመመሳሰሉ የተሰጠ ሲሆን፣ ፈሳሹ ቀጭንና ርቆ የሚሄድ ስለነበረ ተራራው ከመሾል ይልቅ በሰፊው ተንጣሎ ቀርቷል። ጫፉ ከ4,000 ሜትር በላይ ቢሆንም ከአማኑኤል ተነሥቶ ወደ ላይ የሚሄድ መንገደኛ ሜዳው የት አብቅቶ ተራራው የት እንደጀመረ በትክክል ለመናገር የሚቸገረው በዚህ ምክንያት ነው። ደብረ ማርቆስ፣ ብቸናና ሞጣ ሦስቱም ከ2,400 እስከ 2,600 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ፣ በዚሁ ጋሻ ግርጌ ዙሪያ ተቀምጠዋል። ሜዳ የሚባለው መሬት እንግዲህ የተራራው ቀሚስ ነው ቢባል ከእውነቱ አይርቅም።

ይህ ከታወቀ ወደ ሁለተኛው ጉዳይ፣ ተራራው ለሜዳው ወደሚሰጠው ነገር መሻገር ይቻላል። በክረምት ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣው እርጥበት አዘል ነፋስ ጮቄ ላይ ሲደርስ ወደ ላይ ለመውጣት ይገደዳል፤ አየር ወደ ላይ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ ሲቀዘቅዝም የተሸከመውን እንፋሎት ይዞ መቆየት ስለማይችል ያዘንበዋል። በተራራው ራስ ላይ የሚበቅሉት ጓሳ፣ አስታና ጅባራ፣ ከሥራቸው ካለው ጥቁር ብስባሽ አፈር ጋር ሆነው፣ የወረደውን ዝናብ በአንድ ጊዜ ከመልቀቅ ይልቅ ይዘው ያቆዩታል፤ ውሃው በተሰነጣጠቀው ባዛልት ውስጥ ሠርጎ በታችኛው ግርጌ ምንጭ ሆኖ ይወጣል። የወንዞቹ አወራረድ ደግሞ በካርታ ላይ ሲታይ እንደ ጃንጥላ ሽቦ ከመሐል ወደ ዳር ነው። ጨሞጋ በደብረ ማርቆስ አጠገብ፣ ጀደብ በአማኑኤል አጠገብ፣ ተምጫ በደምበጫ አጠገብ፣ ሙጋ በደጀን በኩል፣ ሱሃ በብቸና በኩል፣ አዝዋሪ በሞጣ፣ ትጉዳር በጉንደወይን በኩል ያልፋሉ። በየአቅጣጫው ይበተኑ እንጂ ሁሉም የሚጨርሱት ዓባይ ላይ ነው፤ ጎጃምን በሦስት ወገን ዞሮ የያዘው እርሱ ስለሆነ መሸሻ የላቸውም።

ተራራው ውሃ ከመስጠቱ በላይ የሜዳውን አፈር በሁለት ከፍሎታል። ነገሩ ከአንድ ድንጋይ ሁለት ዓይነት አፈር እንዴት ይወጣል የሚል ጥያቄ ስለሚያስነሣ ቆም ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ተዳፋት በሆነው መሬት ላይ የሚወርደው ዝናብ በአፈሩ ውስጥ አልፎ ይሄዳል፤ ሲያልፍም ካልሲየምንና ማግኒዥየምን የመሰሉ፣ ለሰብል የሚያስፈልጉ ንጥረ ነገሮችን አጥቦ ይወስዳል፣ ብረቱ ግን ስለማይሟሟ ይቀራል። ቀይ አፈር የሚባለው ይኸው ብረቱ የቀረለት አፈር ሲሆን፣ ለረጅም ዘመን ሲታጠብ ከኖረ አሲዳማ፣ ማለትም የመኮምጠጥ ጠባይ ያለው ይሆናል። ማቻከል፣ ጎዛምንና ስናን በብዛት የሚታወቁት በዚህ ነው። ውሃ በሚተኛበት ደልዳላ መሬት ላይ ግን የታጠበው ንጥረ ነገር መውጫ አጥቶ ስለሚጠራቀም ውሃ ሲጠጣ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሸማቀቅ ጥቁር ሸክላ ይፈጠራል። ገበሬው ዋልካ የሚለው ይህን ነው፤ እነማይና ሸበል በረንታ፣ እንዲሁም የደጀን ዙሪያ የዚህ አፈር አገር ናቸው።

የዋልካን ጠባይ በቅርብ ያየ ሰው ዋልካ የሚያርሰው የብቸና ገበሬ የዘር ቀን ቀይ አፈር ከሚያርሰው የአማኑኤል ገበሬ ለምን እንደሚለይ ይገባዋል። በበጋው መጨረሻ ዋልካው ክንድ እስከሚያስገባ ይሰነጠቃል፤ ሐምሌ ላይ ደግሞ በእግር ላይ እየተለጠፈ፣ ማረሻ እየያዘ፣ ውሃውን በላዩ አስተኝቶ አላስገባም ይላል። በዚህ ጊዜ የተዘራ ስንዴ ሥሩ አየር አጥቶ ይበጫል። ስለዚህ ገበሬው ጤፉን ዝናቡ ሊበርድ ሲል ይዘራል፤ ከዚያም በኋላ መሬቱ የያዘውን እርጥበት ብቻ ተማምኖ ሽምብራና ጓያ ያስቀምጣል። ሌላው አፈር ዝናብ ሲያበቃ ሥራውን ያቆማል፤ ዋልካ ግን በመስከረምና በጥቅምት ይሠራል። የጎጃም ጤፍ ስም የተጠራውም ከዚህ ጥበብ ጋር ነው።

በሦስተኛ ደረጃ የሚታየው የወንዙ ሥራ ነው። የኢትዮጵያ ደጋ ወደ ላይ ሲነሣ ዓባይና ገባሮቹ ወደ ታች መቆፈር ጀመሩ፤ አንድ ወንዝ የሚቆፍርበት ጉልበት በዋናነት የሚወሰነው በውሃው ብዛትና በሚወርድበት ቁልቁለት ስለሆነ፣ ሁለቱንም ያገኘው ዓባይ በደጀን ፊት ለፊት ከ1,400 ሜትር የማያንስ ጥልቀት ቆፍሯል። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አንድ የጂኦሎጂ ጥናት ከ29 ሚሊዮን ዓመት ወዲህ ከሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋ ተሸርሽሮ የተወሰደውን ድንጋይ 93,200 ኪሎ ሜትር ኩብ ገደማ አድርጎ ገምቶታል። ቁጥሩ በዓይነ ሕሊና የሚያዝ አይደለም፤ ትርጉሙ ግን ግልጽ ነው፤ ዛሬ ሜዳ የሚባለው የጥንቱ ንጣፍ ትራፊ ነው።

ሽርሸራው በዋናው ወንዝ ብቻ የሚፈጸም አይደለም። ሙጋና ሱሃ በሜዳው ላይ ቀስ ብለው ይሄዱና አፋፉ ላይ ሲደርሱ በፏፏቴ ይወረወራሉ፤ ፏፏቴው የሚወድቅበት ሥር ለስላሳ ድንጋይ ሲሆን እየተቦረቦረ ከላይ ያለው ጠንካራ ባዛልት ድጋፍ አጥቶ ይናዳል፣ አፋፉም አንድ እርምጃ ወደ ተራራው ያፈገፍጋል። የጂኦሎጂ ሰዎች ወደ ኋላ መሸርሸር የሚሉት ይህ ሂደት ሜዳውን ከዳር ወደ መሐል ይበላዋል። ከደጀን ወደ ጎሐ ጽዮን የሚወስደው አስፋልት በየክረምቱ የሚሰምጠውና የሚንሸራተተውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ከላይ የተናደው የባዛልት ስብርባሪ ውሃ ሲጠጣ በሚያሟልጭ ሸክላማ ድንጋይ ላይ ስለሚቀመጥ፣ መንገዱ የቱንም ያህል ቢጠገን መንሸራተቱን አይተውም፤ ይህም ሸለቆው ገና መስፋቱን እንዳልጨረሰ ያሳያል።

ይህ ቅርጽ የሰውንም አኗኗር ቀርጿል። ከደጀን በብቸናና በሞጣ በኩል የሚሄደው መንገድ የጮቄን ምሥራቃዊ ግርጌ፣ ከደጀን በደብረ ማርቆስ፣ በአማኑኤልና በደምበጫ የሚሄደው ደግሞ ደቡባዊና ምዕራባዊ ግርጌውን ይዞ ይጓዛል፤ ሁለቱም ባሕር ዳር ላይ ይገናኛሉ። ሁለቱም በተራራውና በገደሉ መካከል በቀረው ደልዳላ መሬት ላይ መሄዳቸው ሌላ ምርጫ ስለሌላቸው ነው። ከገደሉ ማዶ ለመሻገር ግን ድልድይ የግድ ነው። በሞጣ በኩል ጎጃምን ከደቡብ ጎንደር የሚያገናኘው፣ በአፄ ፋሲል ዘመን እንደተሠራ የሚነገርለት የድንጋይ ድልድይ በጣሊያን ወረራ ጊዜ መካከሉ ፈርሶ ሰባራ ድልድይ ተባለ፤ ሕዝቡም ለአሥርት ዓመታት በገመድ እየተጎተተ ሲሻገር ኖረ። በ1994 ዓ.ም. ስብራቱ ተጠገነ፣ በ1997 ዓ.ም. ጎርፍ መልሶ ወሰደው፣ በ2001 ዓ.ም. ደግሞ ከጎርፉ ከፍታ በላይ ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ ተዘረጋ። በደጀን በኩል በጃፓን መንግሥት ርዳታ የተሠራው ድልድይ የተመረቀው በ2000 ዓ.ም. ጳጉሜን ላይ ነው። ገደሉ እንዲህ ቢለያይም ንግድን አላቆመም፤ በ19ኛው መቶ ዘመን የጁቤ አጠገብ የነበረው የባሶ ገበያ ከዓባይ ማዶ የሚመጣውን የሚቀበል ታላቅ ገበያ ነበር፤ መገበያያውም ከአፋር ዝቅተኛ ሜዳ የተፈለጠው አሞሌ ጨው ነበር። ያ የጨው ሜዳ ራሱ ቀይ ባሕር በአንድ ወቅት ገብቶ ከተቆረጠ በኋላ የቀረ የባሕር ክንድ በመሆኑ፣ ጎጃም ባሕሩን ባያየውም ጨው አድርጎ በእጁ ሲቆጥረው ኖሯል ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ አራተኛው ክፍል፣ የታጠበው አፈር ወደ ደረሰበት ቦታ መሄድ ይገባል። ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል የሚለው ተረት ግንዱን አይቶ አፈሩን ሳያይ የቀረ ይመስላል፤ ምክንያቱም ወንዙ ከሚሸከመው ሁሉ ከባዱ አፈሩ ነው፣ ለእርሱም ማደሪያ አላጣለትም። በሱዳን በነጭና በጥቁር ዓባይ መካከል የተንጣለለው የገዚራ ሜዳ ጥቁር ሸክላ ከኢትዮጵያ ደጋ ባዛልት ታጥቦ በጥቁር ዓባይ የተቀመጠ ነው። የገዚራ አፈርም እንደ ብቸናው ዋልካ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲረጥብ ያብጣል፤ የአንድ ድንጋይ ልጆች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1925 የሰናር ግድብ ሲያልቅ በዚህ ሜዳ ላይ የተስፋፋው የጥጥ እርሻ በዓለም ካሉት ታላላቅ የመስኖ ሥራዎች አንዱ ሆነ። በገዚራ ሳይቀመጥ ያለፈው አፈር ደግሞ በረጅም ዘመን ግብፅ ደርሶ የባሕር ዳርቻውን ወደ ሜዲትራኒያን እየገፋ ዴልታ የሚባለውን ሦስት ማዕዘን ሜዳ ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1970 የአስዋን ታላቁ ግድብ ከተጠናቀቀ በኋላ ደለሉ ከግድቡ ጀርባ ሲቀር፣ በረሺድ በኩል ያለው ዳርቻ በባሕሩ መበላቱ ስለባሰ ግብፆች የድንጋይ ግንብ ለማቆም ተገደዋል። ከባሕር ጋር ያለው ክርክር የሚያበቃበት ቀን የለውም፤ ወንዙ መስጠቱን ሲያቆም ባሕሩ መውሰዱን ይቀጥላል።

የወንዝ ሜዳ ምን እንደሚመስል ለማየት ግን እስከ ግብፅ መሄድ አያስፈልግም፤ ፎገራ ቅርብ ነው። ርብና ጉማራ ከጉና በኩል የሚያመጡትን ደለል በጣና ሐይቅ ዳርቻ ላይ ያስቀምጣሉ፤ ጣና ሰፊ ይሁን እንጂ ከፍተኛው ጥልቀቱ 14 ሜትር ገደማ ስለሆነ ዳርቻው በቀላሉ ይሞላል፣ ወንዞቹም በየክረምቱ ሞልተው ሜዳውን ያጥለቀልቁታል። ጎርፉ ቤት ያፈርሳል፣ ከብት ያፈናቅላል፤ ግን አዲስ አፈር ጥሎ ይሄዳል። በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች ጋር የተጀመረው የሩዝ እርሻ በዚያ ውሃ በሚተኛበት መሬት ላይ ሥር ሰዶ ዛሬ ወረታ የአገሪቱ የሩዝ ምርምር ማዕከል መቀመጫ ሆናለች። የፎገራ ገበሬ ጎርፉን ይረግማል፣ በጎርፉም ይኖራል። የእነማይ ገበሬ ግን ጎርፍ ሲመጣ የሚያየው መሬቱ ሲሄድ ብቻ ነው።

የመሬቱ መሄድም በትንሹ ይጀምራል። ገበሬው ክረምት ሲገባ በእርሻው ላይ ሰያፍ አድርጎ በማረሻ የሚያወጣው የውሃ ማስወገጃ ፈሰስ ይባላል። ፈሰስ በደንብ ከተሰላ ውሃው ሰብሉን ሳያጠልቅ ይወጣል፤ ቁልቁለቱ ትንሽ ከበዛ ግን ውሃው ፍጥነት ያገኛል፣ የማረሻ ስፋት የነበረው ቦይ በጥቂት ክረምት ውስጥ ሰው ሊሻገረው የማይችል ቦረቦር ይሆናል። በዋልካ ላይ ደግሞ ውሃው በስንጥቁ ገብቶ ከሥር እየቦረቦረ ስለሚሄድ መሬቱ ከላይ ደህና መስሎ ሳለ በድንገት ይደረመሳል። ብዙ ጊዜ የአንዱ ፈሰስ የሚያበቃው በሌላው ድንበር ላይ ስለሆነ ነገሩ ወደ ሽማግሌ ይሄዳል፤ ሽማግሌውም ሳያውቀው የሚዳኘው የመልክዐ ምድር ጉዳይ ነው። በጥርና በየካቲት የሚሠራው እርከን በተለይ በተዳፋቱ ላይ ጠቃሚ ቢሆንም፣ የፈሰሱ ውሃ በጋራ የሚወርድበት መውረጃ ስምምነት ካልተደረሰበት እርከኑ ብቻውን ቦረቦርን አያስቆምም።

በተራራው በኩልም የተለወጠ ነገር አለ። ወልደአምላክ በውቀት የተባሉት የጂኦግራፊ ምሁር በጨሞጋ ተፋሰስ ላይ ባደረጉት ጥናት እ.ኤ.አ. የ1957 እና የ1982 የአየር ፎቶግራፎችን ከ1998 የሳተላይት ምስል ጋር አነጻጽረው የደን ሽፋን መጨመሩን አሳይተዋል፤ የጨመረው ግን በአብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው፣ ቁጥቋጦውና የግጦሽ መሬቱ ቀንሷል። በተከታዩ ጥናት ደግሞ የጨሞጋ የበጋ ውሃ በአሥርት ዓመታት ውስጥ እየቀነሰ መምጣቱ ታይቷል። ለአጣና ሽያጭ የሚተከለውን ባሕር ዛፍ በዚህ ብቻ መኮነን ፍትሐዊ አይሆንም፤ አፈሩ አሲዳማ ሆኖ ገብሱና ስንዴው እንቢ ያለው ገበሬ ወደ ግብጦ፣ ወደ እንግዶና ወደ ባሕር ዛፍ የሚያዘነብለው ቢቸግረው ነው። በምንጭ ዳር መተከሉ ግን የተለየ ጉዳይ ነው፤ እዚያ የተተከለ ባሕር ዛፍ የሚጠጣው የታችኛውን መንደር የበጋ ውሃ ነው።

በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. በተመረቀው የታላቁ የሕዳሴ ግድብ ምክንያት ከጮቄ የሚወርደው ደለል ከእንግዲህ በብዛት የሚተኛው ግድቡ በቆመበት በጉባ ነው። ሱዳን ውስጥ ያለው የሮዛሪስ ግድብ ከመጀመሪያ መያዣው ሲሶ የማያንሰውን በደለል ማጣቱ ሲታይ፣ በማቻከል ዳገት ላይ የተሠራ እርከን ለግድቡም የሚሠራ ነው፤ የእርከኑ ድካም ግን የሚወድቀው በገበሬው ላይ ብቻ በመሆኑ ወጪውን ማን ይጋራ የሚለው ጥያቄ በቁም ነገር ሊነሣ ይገባዋል።

በቀረው አፈር ላይ ከሚሠራው የመጨረሻው ነገር ኖራ ነው። አሲዳማ አፈርን ለማከም በዋናነት የሚሰጠው መድኃኒት የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ሲሆን፣ በውስጡ ያለው ካልሲየም ዝናቡ አጥቦ የወሰደውን ይተካል፤ አሲዱ ሲበርድም አፈሩ ይዞት የነበረው ፎስፈረስ ለሰብሉ ይለቀቃል። ድንጋዩም የሚገኘው በደጀን በኩል፣ በዓባይ ግድግዳ ላይ ነው። የጁራሲክ ባሕር ያስቀመጠውን ባዛልት ሸፈነው፣ ዓባይ ቆፍሮ አወጣው፣ ዛሬ ደግሞ ተፈልጦና ተፈጭቶ በመኪና ወደ ቀዩ አፈር ይወጣል። ችግሩ ክብደቱ ነው፤ አንድ ሄክታር እንደ አሲዳማነቱ መጠን ብዙ ኩንታል ስለሚጠይቅ፣ መኪና ከማይደርስበት ቀበሌ ያለው ገበሬ ከዋጋው ይልቅ በማጓጓዣው ይሸነፋል። አንድ ጊዜ የተበተነ ኖራም ለጥቂት ዓመታት እንጂ ለዘለቄታው አይሆንም፤ ካልሲየሙን ቀድሞ ያጠበው የጮቄ ዝናብ አሁንም ይዘንባልና፣ አፈሩ በየጊዜው እየተለካ ኖራው እንደገና መጨመር አለበት።